ሁለተኛው ራውተር ለምን አልረዳንም?
ስለ ቤት ውስጥ ገመድ አልባ መረብ ፊዚክስ

«ሳሎን ውስጥ ይሠራል፤ ጓዳ ስገባ ይጠፋል።» ቤቱ ዋይፋይ ያስገባ ሰው ይህን ቅሬታ ሳያሰማ የሚቀር አይመስለንም። መፍትሔ ተብሎ የሚታሰበውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፦ ሌላ ራውተር መግዛት። አቅም ያለው ሰው በቅርብ ዓመታት ገበያውን ያጥለቀለቀውን፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ በአንድ ካርቶን የሚሸጠውን «ሜሽ» ራውተር ይገዛል። ውጭ አገር ዘመድ ያለውም በሻንጣ ያስመጣል። ገንዘቡ ወጥቶ ዕቃው ከተተከለ በኋላ ግን የጓዳው ፍጥነት እንደ ቀድሞው ሆኖ ይገኛል፤ ከቀድሞው ብሶ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ያን ጊዜ ሻጩ ይወቀሳል፣ አምራቹ ይወቀሳል፣ የኢንተርኔት አቅራቢውም ይወቀሳል።

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው፣ ጥፋቱ በአብዛኛው የዕቃው ሳይሆን የአቀማመጡ መሆኑን ነው። ለዚህም የሚያስፈልገን መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሁለት ሬዚስተሮች በትይዩ ሲያያዙ ጠቅላላ ሬዚስታንሳቸውን ለማስላት የተማርናት ቀመር ለዚህ ጉዳይ ትበቃናለች።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ማጣራት ይገባል። ጀበናው ምንም ያህል ትልቅ ቢሆን ቡናው የሚቀዳው በአፉ ልክ ነው። ወደ ቤታችን የሚገባው መስመር በሴኮንድ 10 ሜጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት የሚችል ራውተር መግዛት ከኢንተርኔት የምናገኘውን ፍጥነት በአንዲት ሜጋቢት እንኳ አይጨምርልንም። ስለዚህ ኮምፒውተራችንን ከዋናው ራውተር ጋር በገመድ አገናኝተን ፍጥነቱን እንለካ። የተለካው ቁጥር ከተዋዋልንበት ጋር የሚቀራረብ ከሆነና ሳሎን ውስጥ በዋይፋይም ያንኑ ካገኘን፣ በጓዳው ያለው ችግር የቤታችን ችግር ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የምንጽፈው እንዲህ ላለው ቤት ነው።

አየሩ የጋራ ነው

ገመድ አልባ ግንኙነትን ከባለ ገመዱ ከሚለዩት ነገሮች ሁሉ ዋናው፣ ሞገዱ የሚጓዝበት አየር የጋራ መሆኑ ነው። (የሬዲዮ ሞገድ ለመጓዝ አየር እንደማያስፈልገውና በባዶ ሕዋም እንደሚያልፍ የታወቀ ነው፤ «አየር» የምንለው በልማድ ነው።) በአንድ ቻናል ላይ የሚሠሩ፣ አንዱ የሌላውን ድምፅ የሚሰሙ መሣሪያዎች ተራ በተራ እንጂ በአንድነት ሊናገሩ አይችሉም። ነገሩ የዕድር ስብሰባን ይመስላል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ከተናገሩ የሁለቱም ቃል አይሰማም። ልዩነቱ በዋይፋይ ስብሰባ ላይ በአብዛኛው ዕድል ሰጪ ዳኛ አለመኖሩ ነው። እያንዳንዱ መሣሪያ መጀመሪያ ያዳምጣል፤ ዝምታ ሲሆን በዕጣ የደረሰውን ጥቂት ማይክሮ ሴኮንድ ይጠብቃል፤ አሁንም ማንም ካልተናገረ ይናገራል።

ይህ ሥርዓት ረጅም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በደሴቶች ላይ የሚገኙ የኮምፒውተር ተርሚናሎችን በሬዲዮ ለማገናኘት «አሎሃ» የተባለውን መረብ ሥራ ላይ አዋሉ። በአሎሃ ማዳመጥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚልከው ያለው ሁሉ ይልካል፤ ከተጋጨ ጥቂት ቆይቶ ይደግማል። የዚህ አሠራር ከፍተኛ ውጤት በሒሳብ ሲሰላ 1 ÷ (2 × 2.718) ወይም 18.4 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከአየሩ ጊዜ ከአምስት እጅ አራቱ በግጭትና በዝምታ ይባክናል ማለት ነው። ዛሬ በቤታችን ያለው ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ስለሚያዳምጥ ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው። ይሁንና በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ፍጥነት ከግማሽ ብዙም ያልበለጠው ብቻ በእጃችን የሚገባበት አንደኛው ምክንያት ይኸው የተራ ጥበቃና የደረሰኝ ልውውጥ የሚወስደው ጊዜ ነው።

አየሩ የጋራ ከሆነ መለኪያው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን ጊዜም ነው። በአንድ ቤት ሁለት ስልኮች አሉ እንበል፤ አንዱ ራውተሩ አጠገብ ሆኖ በሴኮንድ 200 ሜጋቢት፣ ሌላው ጓዳ ሆኖ በሴኮንድ 10 ሜጋቢት መቀበል ይችላል። በየተራ አንድ አንድ ሜጋቢት ቢደርሳቸው ለመጀመሪያው 0.005 ሴኮንድ፣ ለሁለተኛው 0.1 ሴኮንድ ያስፈልጋል። ድምሩ 0.105 ሴኮንድ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዳቸው ያገኙት አንድ ሜጋቢት ስለሆነ የሁለቱም ፍጥነት በሴኮንድ 9.5 ሜጋቢት ያህል ይሆናል! ፈጣኑ ስልክ በዘገምተኛው ምክንያት ከሃያ እጅ ወደ አንድ እጅ ወረደ። የዘመኑ ራውተሮች ለእያንዳንዱ መሣሪያ እኩል ዳታ ሳይሆን እኩል ጊዜ በመስጠት ይህን ጉዳት ይቀንሱታል፤ ፈጽመው ግን አያስወግዱትም። ከዚህ የምንረዳው የጓዳው ችግር የጓዳው ብቻ አለመሆኑን ነው። በጓዳ ያለውን ተጠቃሚ ማፍጠን ማለት ሳሎን ላለውም ጊዜ መቆጠብ ማለት ነው።

ግድግዳ፣ ቆርቆሮና ዳንቴል

ዋይፋይ በተለምዶ የሚሠራው በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ አካባቢ ባሉ ድግግሞሾች ነው። የሞገዳቸው ርዝመት እንደ ቅደም ተከተላቸው 12.5 እና 6 ሴንቲሜትር ይሆናል። የሞገዱን መዳከም የምንለካው በዴሲቤል ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል መቀነስ ኃይሉ በግማሽ፣ 10 ዴሲቤል መቀነስ ደግሞ በአሥር እጅ መውረዱን ያመለክታል። በገላጣ ቦታ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የምንቀበለው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ፣ ማለትም በ6 ዴሲቤል ይወርዳል። አንድ ራውተር 100 ሚሊዋት ቢያሰራጭ፣ በ2.4 ጊጋኸርዝ አሥር ሜትር ላይ ላለች ስልክ የሚደርሳት ከማይክሮዋት አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ ከተላከው ኃይል ከሚሊዮን አንድ እጅ። ስልኳ ይህን አንሶ አታገኘውም፤ በጣም ጥሩ ግንኙነት የሚባለው ይህን የመሰለው ነው። ሬዲዮ ተቀባይ እንዲህ ስስ መሣሪያ ነው።

አሁን በመካከል ግድግዳ እናስገባ። የግድግዳው ውፍረት፣ የተሠራበት ነገርና እርጥበቱ ይለያያል፤ አንድ የብሎኬት ግድግዳ 12 ዴሲቤል ቢቀንስብን ይህ ማለት ኃይሉን በ16 እጅ አዳከመው ማለት ነው። ስለዚህ ራውተሩን አንሥቶ ከአንድ ግድግዳ ወዲህ ማድረግ ኃይሉን 16 እጅ ከመጨመር ጋር እኩል ነው። ይህን የሚያህል ጭማሪ የሚሰጥ ራውተር በሕግ በተፈቀደው የማሰራጫ ኃይል ውስጥ የትም አይገኝም፤ ጠረጴዛ ማንቀሳቀስ ግን ማንንም ገንዘብ አያስወጣም። ፌሮ የበዛበት ሶሌታ ከብሎኬት ይብሳል። ከምድር ቤት ወደ ላይኛው ፎቅ በሶሌታው ውስጥ ከማለፍ ይልቅ ሞገዱ በደረጃው ክፍት በኩል ተንጸባርቆ ቢወጣ የሚቀለው ብዙ ጊዜ ነው። የጭቃ ግድግዳ ሲደርቅ እንደ ኮንክሪት አያስቸግርም፤ ርጥበት ሲጠጣ ግን ውኃው ሞገዱን ይመጠዋል።

በነገራችን ላይ፣ «2.4 ጊጋኸርዝ የውኃ ሞለኪውል የተፈጥሮ ድግግሞሽ ስለሆነ ነው ማይክሮዌቭ ምድጃ ምግብ የሚያሞቀው» የሚለው አባባል በመጻሕፍት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል፤ ስሕተት ነው። ውኃ በክፍል ሙቀት ሞገድን አጥብቆ የሚመጠው 20 ጊጋኸርዝ ገደማ ላይ ሲሆን፣ በ2.45 ጊጋኸርዝ የሚመጠው ከዚያ ያነሰ ነው። ምድጃው የተሠራው በዚህ ድግግሞሽ የሆነው ከፈቃድ ነፃ በሆነ ክልል ውስጥ ስለሚገኝና ሞገዱ ወደ ምግቡ ውስጥ ዘልቆ መግባት ስላለበት ነው። ያው ክልል ነው በኋላ ለዋይፋይ የዋለው። የአሜሪካ ፌዴራል የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን ክልል ያለ ፈቃድ ለመገናኛ ጭምር እንዲውል ባይፈቅድ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው የመጀመሪያው የዋይፋይ መለኪያ ባልኖረ ነበር።

የቆርቆሮ ጉዳይ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ኤሌክትሮመግነጢሳዊ ሞገድ በብረት ውስጥ የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ በዚንክ ውስጥ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚዘልቅበት ጥልቀት 2.5 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ይህም የሰው ፀጉር ውፍረት ሃያኛ እጅ አይሞላም። ስለዚህ ሞገዱ ቆርቆሮውን ሊያልፍ ቀርቶ በላዩ ላይ የተቀባውን የዚንክ ልባጥ እንኳ ሳይሻገር ተንጸባርቆ ይመለሳል። በግቢው ጀርባ ያለው ሰርቪስ ቤት በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ሞገድ የሚገባው በመስኮቱ፣ በእንጨት በሩና በክፍተቶቹ ብቻ ነው። የብረት በር፣ ባለ መስታወት ቁም ሣጥንና ማቀዝቀዣም እንዲሁ ያንጸባርቃሉ። በጀርባው በርካታ ብረት የያዘ ቴሌቪዥንም ከእነዚሁ ይቆጠራል፤ ብዙ ቤት ውስጥ ግን የራውተሩ ቦታ እዚያ ቴሌቪዥን ጀርባ ነው። በላዩ ላይ የምትጣለዋ ዳንቴል ሞገዱን አታግድም፤ የሙቀት መውጫውን ከሸፈነች ግን ዕድሜውን ታሳጥረዋለችና ብትነሣ ይሻላል።

ጮክ ብሎ መናገር ለምን አይበቃም?

ብዙ አንቴና ያለውና «ኃይለኛ» የሚባለው ራውተር ሁልጊዜ የማይጠቅመው ለምንድን ነው? ንግግሩ የሁለት ወገን ስለሆነ ነው። ከማዶ ለማዶ ቆመው ከሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንዱ የድምፅ ማጉያ ቢይዝ ያኛው ይሰማዋል፤ የእርሱን መልስ ግን ባለ ማጉያው አይሰማውም። ስልክ በባትሪ የምትሠራና በእጅ የምትያዝ ስለሆነች የምታሰራጨው ኃይል ከራውተሩ ያነሰ ነው። በዋይፋይ ደግሞ ለሚደርሰው ለእያንዳንዱ የዳታ ጥቅል «ደርሶኛል» የሚል መልስ መመለስ አለበት፤ መልሱ ካልተሰማ ራውተሩ ያንኑ ይደግማል። ስልኩ ላይ ምልክቱ ሞልቶ እየታየ ገጹ አልከፈት የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የተሻለ ራውተር ስስ ጆሮ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ግን በካርቶኑ ላይ አይጻፍም።

የአቀባባዩ ዋጋ

እንግዲህ ወደ ሜሽ እንምጣ። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በካምብሪጅ ከተማ ቤቶች ጣሪያ ላይ አርባ ያህል የዋይፋይ አንቴናዎች ተክለው፣ ዳታው ከጣሪያ ጣሪያ እየተቀባበለ እንዲሄድ የሚያደርግ መረብ ሠርተው ነበር። በዚያ መረብ ውስጥ አንድ መልእክት የሚያልፍባቸው ጣሪያዎች በበዙ መጠን ፍጥነቱ አብሮ ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ለገመድ አልባ መረብ ዓለም አቀፍ መለኪያ ወጣለት፤ ከ2016 ወዲህም ለመኖሪያ ቤት የሚሆኑ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፍሬ ዕቃዎች በስፋት ይሸጡ ጀመር። የአሠራሩ ጠቅላላ መልክ ያው ነው፤ ዋናው ራውተር ከኢንተርኔቱ መስመር ጋር ይገናኛል፣ ሌሎቹ ከእርሱ ተቀብለው ራቅ ወዳለው ክፍል ያቀብላሉ። እኛም እነዚህን «አቀባባይ» እንበላቸው።

አቀባባይ ኃይል አይፈጥርም፤ የሰማውን መልሶ ይናገራል። በአንድ ቻናል ላይ ከዋናው ራውተር የሚቀበልና በዚያው ቻናል ለስልኩ የሚያቀብል ከሆነ እያንዳንዱ ሜጋቢት አየሩን ሁለት ጊዜ ይይዛል። የመጀመሪያው ጉዞ ፍጥነት ሀ፣ የሁለተኛው ለ ቢሆን፣ አንድ ሜጋቢት ለማድረስ የሚወስደው ጊዜ 1/ሀ + 1/ለ ነው። ጠቅላላ ፍጥነቱን ፍ ብንለው፦

1/ፍ = 1/ሀ + 1/ለ

አንባቢ ቀመሯን ያውቃታል። ሬዚስተሮች በትይዩ ሲያያዙ ጠቅላላ ሬዚስታንሱ ከትንሹም እንደሚያንስ ሁሉ፣ እዚህም ጠቅላላ ፍጥነቱ ከሁለቱ ዘገምተኛው ካለው ፍጥነት እንኳ ያነሰ ነው።

አንድ ግቢ በምናባችን እንሥራ። ዋናው ቤት ከፊት ለፊት ነው፤ ከመንገድ የሚመጣው መስመር ሳሎን ይገባል፤ ወደ ቤቱ የሚደርሰውም በሴኮንድ 50 ሜጋቢት ነው። ሰርቪስ ቤቱ ከኋላ ነው፤ እዚያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች ልጅ ታጠናለች፤ ትምህርቷን በቪዲዮ ትከታተላለች፣ ፈተናም በኢንተርኔት ትወስዳለች። ከሳሎን ራውተር በቀጥታ የምታገኘው በሴኮንድ 30 ሜጋቢት ነው እንበል፤ እርሱም ይቆራረጣል። አባት የአንድ ወር ደመወዛቸውን ከፍለው ባለ ሁለት ፍሬ ሜሽ ገዙ። ሁለተኛውን የት ያድርጉት?

ማንም ሰው የሚመልሰው «ችግሩ ያለበት ክፍል ውስጥ ነዋ!» ብሎ ነው። አባትም አቀባባዩን ከልጃቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አሁን ከአቀባባዩ እስከ ልጅቱ ኮምፒውተር ያለው ጉዞ እጅግ ፈጣን ነው፤ 300 ሜጋቢት። ከሳሎን እስከ አቀባባዩ ያለው ግን ያው ድሮ ኮምፒውተሯን ያስቸገረው መንገድ ነው፤ 30 ሜጋቢት። ስሌቱ 1/30 + 1/300 = 11/300 ይሆናል፤ ፍጥነቱም በሴኮንድ 27 ሜጋቢት ገደማ። ከበፊቱ አነሰ! ኮምፒውተሩ ግን ምልክቱን ሞልቶ ያሳያል፤ የሚያሳየው በአጠገቡ ያለውን አቀባባይ ምልክት ነውና። «ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ አይሠራም» የሚባለው እንቆቅልሽ ከሚፈታባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

አቀባባዩን ከክፍሉ አውጥተን በዋናው ቤት የኋላ መስኮት ላይ እናድርገው፤ ከሳሎን አንድ ግድግዳ፣ ከሰርቪስ ቤቱም አንድ መስኮት ይለየዋል። ሁለቱም ጉዞዎች መካከለኛ ሆኑ እንበል፤ 150 እና 150። ውጤቱ 75 ሜጋቢት ነው። ዕቃው ያው፣ ገንዘቡም ያው፤ ፍጥነቱ ግን ከ27 ወደ 75 ወጣ። የአቀባባይ ትክክለኛ ቦታ ምልክቱ የጠፋበት ሳይሆን ገና ደኅና ሆኖ ያለበት የመጨረሻው ቦታ ነው ማለት ይቻላል። በተጨማሪም ተራ በተራ የሚቀባበሉ ሦስት ጉዞዎች ካሉ፣ እያንዳንዳቸው 150 ቢሆኑም ውጤቱ 50 ነው። ሦስት ፍሬ ገዝተናልና ሦስቱንም በሰልፍ እንደርድር ማለት አያዋጣም፤ ከተቻለ ዋናው መካከል ሆኖ ሁለቱ አቀባባዮች በግራና በቀኝ ቢሆኑ ይመረጣል።

ገመድ፦ የተረሳው ማሻሻያ

ከላይ ባለው ምሳሌ መስመሩ የሚያመጣው 50 ሜጋቢት ስለሆነ፣ 75 የሚያደርስ አየር በቂ ይመስላል። ለልጅቱ ብቻ ከሆነ በቂ ነው። ነገር ግን ያንን 50 ሜጋቢት ለማድረስ አየሩ በየሴኮንዱ 50/150 + 50/150፣ ማለትም ሁለት ሦስተኛው ጊዜ ይያዛል። ለእናት፣ ለአባት፣ ለታናናሾቿና ለቴሌቪዥኑ የቀረው አንድ ሦስተኛ ነው።

አሁን ከሳሎኑ ራውተር እስከ ሰርቪስ ቤቱ የኔትወርክ ገመድ እንዘርጋና አቀባባዩን እዚያው ክፍል ውስጥ መልሰን በገመዱ ጫፍ እንሰካው። የመጀመሪያው ጉዞ ከአየሩ ላይ ወረደ፤ በቀመሯ ውስጥ 1/ሀ የሚለው ጠፋ። የቀረው ጉዞ 300 ሜጋቢት ነው፤ 50ውን ለማድረስ የሚበቃው ከአየሩ ጊዜ አንድ ስድስተኛ ብቻ ነው። አቀባባዩን ከሳሎኑ በተለየ ቻናል ካሠራነው ደግሞ ያ አንድ ስድስተኛ እንኳ የሳሎኑን አየር አይነካም። ዋጋው ከማንኛውም አዲስ ራውተር ያነሰ ገመድ፣ ከሦስት እጅ ሁለት እጅ የተያዘ አየር ነፃ አወጣ። ተራ የሚባለው አምስተኛ ደረጃ የተሻሻለ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ በሴኮንድ 1000 ሜጋቢት ያስተላልፋል፤ ከግቢ ግቢ የሚደርስ ነው። በእኔ እምነት፣ ገመድ መዘርጋት በሚቻልበት ቤት ሌላ ማሻሻያ ከዚህ አስቀድሞ መታሰብ የለበትም። ሰው ይህን የሚጠላው ገመድ ያረጀ ነገር ስለሚመስለው ይሆናል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ከአንድ ሕንፃ ወደ ሌላ ሕንፃ የሚዘረጋ የመዳብ ገመድ በክረምት ከመብረቅ የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊገባ ይችላል። መብረቁ ገመዱን መምታት አይኖርበትም፤ በአቅራቢያ መውደቁ ብቻ በገመዱ ላይ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይቀሰቅሳል። ገመዱን በአየር ላይ ከማንጠልጠል በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ መቅበር ይሻላል፤ በሁለቱም ጫፍ የመብረቅ መከላከያ ማድረግ፣ ነጎድጓድ ሲበረታም መንቀል ይገባል። አቅም ለፈቀደለት ደግሞ በመስታወት ክር የተሠራው ፋይበር ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ይህ ሥጋት የለበትም።

ገመድ የማይቻል ከሆነ

የተከራየ ቤት ሊሆን ይችላል፤ አከራዩ ግድግዳ ማስበሳት አይወዱም። እንዲህ ሲሆን የሚጠቅመው ባለ ሦስት ሬዲዮ አቀባባይ ነው። ሦስተኛው ሬዲዮ ከዋናው ራውተር ጋር ብቻ በተለየ ቻናል ይነጋገራል፤ አየሮቹ ሁለት ስለሆኑ ጉዞዎቹ በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ ውጤቱም በትይዩ ቀመር የሚገኘው ሳይሆን ከሀ እና ከለ የሚያንሰው ራሱ ይሆናል። በ150 እና 150 ምሳሌያችን 75 የነበረው 150 ሆነ ማለት ነው። የሚያንሰው 30 ከሆነ ግን ውጤቱ 30 ነው፤ ሦስተኛው ሬዲዮ የአቀማመጥን ስሕተት አያርምም።

በካርቶኑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥርም በጥንቃቄ መመልከት ያሻል። ለምሳሌ «ኤኤክስ 3000» የሚለው ስያሜ የሁለት ሬዲዮዎች የወረቀት ፍጥነት ድምር ነው፤ 574 በ2.4 ጊጋኸርዝ፣ 2402 በ5 ጊጋኸርዝ። አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ከሁለቱ በአንዱ ስለሚሠራ 3000ውን የሚያገኘው የለም። ሁለተኛውም ቁጥር የሚገኘው 160 ሜጋኸርዝ ስፋት ያለው ቻናል ሲያዝና ስልኩም ይህን ሲችል ብቻ ነው።

ሰፊ ቻናል ሁልጊዜ በስፋቱ ልክ እንደማይጠቅም ከክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. የ1948 ቀመር መረዳት ይቻላል። የአንድ ቻናል ከፍተኛ አቅም ስፋቱ ሲባዛ በ(1 ሲደመር የምልክቱና የጫጫታው ውድር) ባለ ሁለት መሠረት ሎጋሪዝም ነው። ቻናሉ ሲሰፋ የሚገባው ጫጫታም በዚያው ልክ ይጨምራል። በሩቅ ክፍል በ20 ሜጋኸርዝ ቻናል ላይ ውድሩ 8 ቢሆን አቅሙ 20 × 3.17 ወይም 63 ሜጋቢት ይሆናል። ቻናሉን ስምንት እጅ አስፍተን 160 ብናደርገው ውድሩ ወደ 1 ይወርድና አቅሙ 160 × 1 ወይም 160 ይሆናል። ስምንት እጅ አስፍተን ያገኘነው ሁለት ተኩል እጅ ነው፤ ከጎረቤት ጋር የምንጠላለፍበትን ዕድል ግን ስምንት እጅ አስፍተነዋል።

አዳዲሶቹን ትውልዶች በተመለከተ አጭር ቃል ይበቃል። ዋይፋይ 6 በአንድ ተራ ለብዙ መሣሪያዎች አከፋፍሎ መናገር ስለሚችል ሰው በበዛበት ቤት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 ጀምሮ ማረጋገጫ የሚሰጠው ዋይፋይ 7 ሁለት ሬዲዮዎችን በአንድነት ማሠራት የሚችል ሲሆን፣ የ320 ሜጋኸርዝ ቻናሉ የሚገኘው ግን በ6 ጊጋኸርዝ ክልል ብቻ ነው። ይህን ክልል አሜሪካ በ2020 ሙሉ በሙሉ፣ የአውሮፓ ኅብረት በ2021 በከፊል ለዋይፋይ ከፍተውታል። የሞገዱ ርዝመት 5 ሴንቲሜትር ስለሆነ ግድግዳ ከ2.4 ጊጋኸርዝ ይልቅ ያስቸግረዋል። በሌላ በኩል ከ2018 ወዲህ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች እንዲግባቡ «ኢዚሜሽ» የተባለ የጋራ ማረጋገጫ ቢወጣም፣ በርካታ አምራቾች የራሳቸውን ቋንቋ መጠቀም አልተውም፤ ከአሮጌው ጋር አዲስ ለመጨመር የሚያስብ ሰው ከመግዛቱ በፊት ሁለቱ መግባባታቸውን ማረጋገጥ አለበት። አሮጌውና አዲሱ ከተግባቡ፣ አዲሱ መስመሩ በሚገባበት ይቀመጥ፤ አሮጌው ጫፍ ላይ ይሁን።

ከአሜሪካ በሻንጣ ለሚመጣ ዕቃ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ አለ። የኃይል መስጫው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያዩ ሶኬት ላይ መሰካት አይገባም። በ120 ቮልት ብቻ እንዲሠራ የተሠራ በእኛ 220 ቮልት ይቃጠላል፤ ሜሹም ገና ሥራ ሳይጀምር ያበቃለታል።

በኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ አንባቢያን ነገሩ ይገለበጣል። ክፍሎቹ ጠባብ ናቸው፤ ችግሩ የምልክት ማነስ ሳይሆን የጎረቤት ብዛት ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች በተለምዶ 1፣ 6 እና 11 ብቻ ሲሆኑ፣ በአንድ ብሎክ ላይ ያሉት ራውተሮች በደርዘን ይቆጠራሉ። እዚያ ላይ አቀባባይ መጨመር በተጨናነቀ ስብሰባ ላይ የሰማውን ሁሉ የሚደግም ሰው መጋበዝ ነው። ወደ 5 ጊጋኸርዝ መዛወር፣ ጠባብ ቻናል መምረጥና የራውተሩን ኃይል መቀነስ ይሻላል። ያ ግድግዳ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው፤ የጎረቤትን ጫጫታ ያግድልናልና።

ለተማሪዎች፦ በእጅ የሚሠራ ሙከራ

ይህን ሁሉ በቃል ከመቀበል መለካት ይቻላል። በአንድሮይድ ስልክ ላይ በነፃ ከሚገኙት የዋይፋይ መለኪያ ፕሮግራሞች አንዱን ጫኑ፤ የምልክቱን መጠን በዴሲቤል ያሳያል። አንዱን ስልክ ገላጣ ሜዳ ላይ በወንበር አስቀምጣችሁ ዋይፋይ እንዲያሰራጭ አድርጉ፤ በሌላው ስልክ በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እና በ16 ሜትር ላይ እየቆማችሁ መዝግቡ። ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር 6 ዴሲቤል ገደማ ሲቀንስ ማየት አለባችሁ። መሬቱ ሞገዱን ስለሚያንጸባርቅ በሩቁ ነጥብ ላይ ልዩነት ቢታይ አትደነቁ። ከዚያ ያንኑ በቤት ውስጥ ድገሙትና እያንዳንዱ ግድግዳ ስንት ዴሲቤል እንደወሰደ ቀንሳችሁ ፈልጉ።

በቤት ውስጥ ስትለኩ አንድ የሚያስገርም ነገር ታያላችሁ። ስልኩን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ብታንቀሳቅሱት ቁጥሩ በብዙ ዴሲቤል ይወጣል፣ ይወርዳል። ከግድግዳው ተንጸባርቀው የሚመለሱ ሞገዶች በቀጥታ ከሚመጣው ጋር አንድ ቦታ እየተደማመሩ፣ ሌላ ቦታ እየተጠፋፉ ነው፤ በሐይቅ ውኃ ላይ ሁለት ጠጠር ጥላችሁ የምታዩት ዓይነት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ስልኩን ወዲያና ወዲህ እያላችሁ አሥር ጊዜ ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ። ትዕግሥት ያለው ተማሪ ደግሞ ስልኩን በማስመሪያ አጠገብ ወደ አንድ ግድግዳ በቀጥታ እያስጠጋ ቢለካ፣ ምልክቱ የሚጠፋባቸው ነጥቦች በ2.4 ጊጋኸርዝ 6 ሴንቲሜትር ገደማ፣ በ5 ጊጋኸርዝ 3 ሴንቲሜትር ገደማ እየተራራቁ ሊያገኛቸው ይችላል፤ ይህም የሞገዱ ርዝመት ግማሽ ነው።